ማሽኑም ሂስ ይቀበል ያሉት የጓድ ሰንበታ ጉደታ ኅልፈት

የናዝሬት የመድን ቅርንጫፍ ሠራተኞች ማኅበር፣ ለሃያ ዓመታት በጉዳት መርማሪነት ያገለገሉትን ጓድ ሰንበታ ጉደታን ጥር 16 ቀን 1980 ዓ.ም. በሞት በመነጠቁ የተሰማውን መሪር ሐዘን ለመላው ሠራተኛ፣ ለደንበኞችና ለከተማው ነዋሪ ይገልጻል። ከሐዘኑ ጋር ፍርሃትም እንዳደረበት ማኅበሩ አይሸሽግም።

ጓድ ሰንበታ በደራ ከተማ ተወልደው፣ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ከዱከም እስከ መተሐራ ያለውን አገር በሥራ ያካለሉ ሰው ነበሩ። የተገለበጠውን መኪናም ሆነ የተቃጠለውን ቤት በዓይናቸው ሳያዩ «አይከፈልም» ብለው አያውቁም።

በ1978 ዓ.ም. ዋናው መሥሪያ ቤት የካሣ ጥያቄዎችን ራሱ መዝኖ የሚወስን ኮምፒዩተር አስገባ። ከመርማሪዎቻችንም አብዛኞቹ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። የቀረነው ጎመን በጤና ብለን ማሽኑ ያለውን መጠየቅ ተውን።

በ1979 ዓ.ም. የወይዘሮ ዘሃራ ሱሌማን የእህል ወፍጮ ወለንጪቲ ላይ ተቃጠለ። ማሽኑ ከወለንጪቲ የሚመጣው የእሳት አደጋ ካሣ ጥያቄ ስለበዛ ያጠራጥራል ሲል ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገው፤ ወይዘሮዋም ሆን ብለው አቃጥለዋል ተብለው ታሰሩ። ጓድ ሰንበታ ማንም ሳይልካቸው ሄደው፣ እሳቱ ከወፍጮው ሞተር መነሣቱን አረጋግጠው አስፈቷቸው።

በኅዳር 1980 ዓ.ም. በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «እኛ በየሳምንቱ ቆመን ጥፋታችንን እንናዘዛለን። ማሽኑስ? እሱ ሲሳሳት ማነው የሚቆመው? እሱም ሂስ ይቀበል እንጂ!» አሉ። ከመካከላችን እጁን ያወጣ አልነበረም። በሳምንቱ «የዕድገት እንቅፋት» ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ እዚያው ሳሉ በልብ ሕመም ዐረፉ።

ዛሬ ማሽኑ «ያጠራጥራል» ያላቸው ሁለት የወለንጪቲ ነጋዴዎች እስር ቤት ናቸው። ሄዶ ነገሩን የሚያይላቸው አልተገኘም። ነገ እሳቱ ከእኛው ቤት ቢነሣ ማን ሊደርስልን ነው? እንፈራለን፤ መፍራታችንንም ለመናገር እንፈራለን።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወርቄ ጎበና፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ጓደኞቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ያን ቀን ዝም ስላልናቸውም ቤተሰባቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህ መግለጫ ፈራሚ አጥቶ ሰንብቷል። ሊቀ መንበሩ አሞኛል ብለዋል፤ ምክትላቸውም ለመስክ ሥራ ወጥተዋል። እኔ ፈርሜያለሁ። ሰኞ ጠዋት ወለንጪቲ ወርጄ የነጋዴዎቹን ነገር በዓይኔ አያለሁ።

ሻሼ ፈይሳ
የጉዳት መርማሪና የማኅበሩ ጸሐፊ