የግንቡ ስድስት ሚሊ ሜትር

ጥር 6
ፍኖተ ሰላም። ከመንገዱ በታች ያለውን የድጋፍ ግንብ በሌዘር ስካነሩ ለሁለተኛ ጊዜ ለካሁ። ልክ እንደ ጥቅምቱ ከአርባ ሜትር... ግንቡ ሥር ያሉት ቤቶች አያስጠጉም። ምሳ እዚያው ግንቡ ሥር፣ እትዬ አቻምየለሽ ጋ። ሙስሊም ስለሆንኩ የኔን ሽሮ ለብቻ በለዩልኝ ትንሽ ድስት ነው የሚሠሩት።
«ሪሃናዬ፣ ይኸ ግንብ ደህና ነው?»
«ደህና ነው» አልኳቸው። ውጤቱን ገና ሳላየው!

ጥር 8
ውጤቱ ግንቡ ከጥቅምት ወዲህ ስድስት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መጥቷል ይላል። ሪፖርቱ ላይ «የመሣሪያው ስህተት፦ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም» ብዬ ጻፍኩ። ከስካነሩ ካታሎግ ገልብጬ፣ እንደ ሁልጊዜው። ቢሯችን ውስጥ የማይገለብጥ ማን አለ? ለደንበኛው ላክሁት።

ጥር 15
ካታሎጉን ዛሬ እስከ ታች አነበብኩት። ሁለት ሚሊ ሜትር የሚለው ከአሥር ሜትር ሲለካ ነው። በደቃቅ ጽሑፍ! ቡሬ ያሉት ተፎካካሪዎቻችን የገዙት ስካነር ደግሞ ስድስት ይላል፣ ግን ከመቶ ሜትር። ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሻጩ ሁሉ እንዳሻው ይጽፋል፣ እኛም እናምናለን።
ግቢያችን ያለውን የኮንክሪት ምሰሶ ከአርባ ሜትር አሥር ጊዜ ለካሁት። እስከ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ተለያየ። ምሰሶው እየሄደ ነው እንዴ? እንግዲህ ያ ስድስት... ምንም ማለት አይደለም።

ጥር 16
ለአለቃዬ ለአቶ አሸናፊ ነገርኩ። ባለ አንድ ገጽ ቅጽም ሠርቼ ሰጠኋቸው። ከስንት ሜትር ተለካ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ተለያየ። የማንም ስካነር ቢሆን በዚያው ቅጽ። ሪፖርቱም ይታረም አልኩ።
«እኛ ዘጠኝ ብለን ሌላው ሁለት ካለ ሥራውን ማን ይሰጠናል?»
ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

የካቲት 2
ግንቡ ሥር ያሉት ቤቶች ይነሡ ተባለ። ግንቡ ሊናድ ነው ተብሎ፣ በኔ ሪፖርት።

የካቲት 9
ቤቶቹን አፈረሷቸው። እትዬ አቻምየለሽ ቆርቆሯቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ማንኩሳ፣ እህታቸው ጋ ሄዱ አሉ። አልተሰናበትኳቸውም። ፈሪ!

ሰኔ 20
ደንበኛው የኛና የቡሬዎቹ ቁጥር አልገጥም ሲለው ሁላችሁም በአንድ ቅጽ አምጡ አለ። አቶ አሸናፊ የኔን ከመሳቢያ አወጡ። ስማቸውን ጽፈውበታል።
ግንቡን በቅጹ መሠረት መጋቢት ላይ ለራሴ ብዬ፣ ዛሬም ለካሁ። ከአሥር ሜትር፣ አሥር አሥር ጊዜ። አሁን መጠጋት ይቻላል... ስካነሩን የተከልኩት የእትዬ አቻምየለሽ ጓዳ በነበረበት ላይ ነው። ግንቡ ንቅንቅ አላለም።

ሐምሌ 4
ማንኩሳ ሄድኩ። እትዬ አቻምየለሽ በእህታቸው በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የገለበጥኩትንም፣ ዝም ያልኩትንም።
«ግንቡስ?» አሉኝ።
«አለ። ደህና ነው።»
«ግንቡማ ካለበት አለ። እኔን ነው እንጂ እዚህ ያደረሳችሁኝ።»
ልሄድ ስነሣ ገብተው ያችን ትንሽ ድስት አመጡ።
«በይ ውሰጃት። ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች?»
ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ።