ያልዋጥኩት የፋሲካ ዶሮ

አቃቂ በሰቃ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ ዘአማኑኤል፣

ይህን ወረቀት ከአንተ በፊት እስር ቤቱ በር ላይ የሚያነበው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ያንብበው። መደበቅ ያመጣብኝን አይቻለሁና ከእንግዲህ የምደብቀው ነገር የለኝም። አንተ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትደንግጥ። ልጃችን ዮዲ አሟታል። ትኩሳቱ ከማክሰኞ ጀምሮ አልለቀቃትም፤ ጤና ጣቢያ ለብቻዋ ክፍል አስተኝተዋታል። ተራ ጉንፋን ይሁን የወፍ ጉንፋን ገና አልታወቀም። እንዴት እንደሆነ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

በሁዳዴ መጨረሻ ሳሪስ ገበያ ዶሮ የሚነካ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሬዲዮው ጠዋት ማታ ያንኑ ነው፤ ውጭ አገር ሰው ገደለ፣ ወደ እኛም ሊመጣ ይችላል፣ የሞተ ዶሮ ያየ ለቀበሌ ያሳውቅ። አንተም እዚያ ሆነህ ሳትሰማ አልቀረህም። ግን በሆሳዕና ሰሞን ልጠይቅህ ስመጣ ያልከኝን ታስታውሳለህ? «ብዙዬ፣ የዘንድሮን ጾም በአንቺ ዶሮ ካልፈታሁ በዓል የመጣ አይመስለኝም» አልከኝ። ሳቅክ፤ እኔም ሳቅኩ። አጠገብህ የቆሙት ሁሉ ቤተሰቦቻቸው ለበዓሉ ምን እንደሚያመጡላቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በሰው ፊት ባዶ እጅህን እንድትቀር አልፈለግኩም።

ከአራቱ ዶሮዎቻችን ሁለቱ በሰሙነ ሕማማት ሞቱ። አንዷ ማክሰኞ፣ ሌላዋ ሐሙስ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸው አብጦ። ጓሮ ቀበርኳቸውና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር የቀሩትን ይወስዱብኛል፣ ጎረቤቱም ልጆቹን ከዮዲ ጋር አያጫውትም ብዬ ፈራሁ። ከቀሩት ሁለቱ ቀይዋ ግን ጥሬዋን ትለቅም ነበር። እሷስ ደህና ናት አልኩ ለራሴ። እያልኩም በሙሉ ልቤ አላመንኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ዱጉማን ጠርቼ ቀይዋን አሳረድኩ። አንተ ከገባህ ወዲህ ቤታችን ቢላ የሚይዝ ወንድ የለም፤ እኒህን ጎረቤታችንን ካላስቸገርኩ ማን አለኝ?

«ኧረ ብዙወርቅ፣ አገር ምድሩ ዶሮ ፈርቶ አንቺ ምን ልብ ሰጠሽ?» አሉኝ።

«ለባሌ ነው፣ ጋሼ።»

በስመ አብ ብለው አረዱልኝ።

ዮዲ «ላባውን እኔ ነኝ የምነጨው፣ ለአባዬ ነው» ብላ ሙጭጭ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የፈላው ውሃ እጇን ያቃጥላታል ብዬ እከለክላት ነበር። ያን ቀን ሽንኩርቱ እሳት ላይ ነበርና ተውኳት። ላባ አፍንጫዋ ላይ እየተለጠፈ ያስነጥሳታል፤ እሷ ትስቃለች፣ እኔም አብሬያት እስቃለሁ። በሽታው በአፍ ካልሆነ በሌላ የሚገባ አልመሰለኝም፤ የፈራሁት መብሉን ነበር። ስለዚህ ወጡ ሲደርስ አላቀመስኳትም። በፋሲካ ምድር ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩላት። «ዶሮው የአባዬ ብቻ ነው» አልኳት፤ ምንም ሳታጉረመርም ሽሮዋን በላች።

እሑድ ስንቅህን ይዤ ቃሊቲ መጣሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ የነበሩት ሁሉ የያዙት የበግ ወጥ ነው። የእኔ ሳህን ሲከፈት ፖሊሷ አንዴ ወጡን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ዶሮ ነው?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ቅመሺ።»

ስንት ጊዜ ቀምሻለሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሮውንም ምስሩንም እዚያ በር ላይ ሳልጎርስ አላስገባሁልህም። ያን ቀንም እንጀራውን ቆረስኩ፣ ከሥጋው ጋር ጠቅልዬ ጎረስኩ። አልዋጥኩትም፣ ዘአማኑኤል። ጉንጬ ውስጥ ይዤው ሳህኑን አቀበልኳት፤ ከዚያ ጥግ ይዤ ነጠላዬ ላይ ተፋሁት። እኔ ከወደቅኩ ዮዲን ማን ያሳድጋታል ብዬ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ፤ ተናድጄብህም ነበር። እንቅልፍ እየተጫነህ አትንዳ ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ ያ የገጨኸው ሰውዬ ባልሞተ፣ አንተም ባልታሰርክ፣ እኔም እዚያ በር ላይ ባልቆምኩ። ሚስትህ ሆኜ፣ ራሴ ያልዋጥኩትን ለአንተ አሳልፌ ሰጠሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የዮዲ ሰውነት ይፋጅ ጀመር። ያኔ ቀበሌ ሮጬ ሁሉንም ዘከዘክኩላቸው። ከሊል የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጓንትና ጭምብል አድርጎ መጣ፤ የቀበርኳቸውን አስቆፈረ፣ በሕይወት የቀረችውንም ወሰደ።

«ፈንግልም ሊሆን ይችላል፤ በየዓመቱ ዶሮ የሚፈጅ ነው» አለኝ። «ናሙናው ሳይመረመር ግን ምንም ማለት አልችልም።»

«ባሌ በልቷል» አልኩት።

«በደንብ በስሏል?»

«እስከ እኩለ ሌሊት ነው የተንተከተከው።»

«እንግዲያው ለእሳቸው አይስጉ። በደንብ የበሰለ አይጎዳም። ይልቅ ማን አረደ? ላባውንስ የነጨ ማን ነው?»

«ልጄ ናት» አልኩት።

ጋሽ ዱጉማ እስካሁን ደህና ናቸው። በየቀኑ ትኩሳታቸውን ሲለኳቸው «እኔን በሽታውም አይፈልገኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። እኔም ብልቱን ያወጣሁት በእጄ ነው፤ ምንም አልተሰማኝም፣ ምነው ለእኔ በሆነ እላለሁ። የዮዲን ውጤት ለቅዳሜ ብለውናል። እስከዚያ በመስኮት ነው የማያት፤ ነርሷ ስታዝንልኝ ጭምብል አስራልኝ ታስገባኛለች። አንተም ካሳለህ ወይም ካተኮሰህ ለሐኪም ተናገር፤ አብረውህ ለማዕድ የቀረቡትም እንዲሁ። ይቅር በለኝ አልልህም። እሱን ስትወጣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገርበታለን።

አሁን ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ውሃ አልጠየቀችኝም፣ ራሴን አመመኝም አላለችም። «እማዬ፣ አባዬ ዶሮውን ወደደው?» አለችኝ። «ላባ አልቀረበትም አይደል?» «አባዬን እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። ወንድምህ ፀሐዩ ይህን ሰጥቶህ መልስህን በር ላይ ይጠብቃል። ብትበላውም ለሌላ ሰጥተኸውም ቢሆን ግድ የለም፤ ጽሕፈትህን ታውቀዋለችና በራስህ እጅ ጻፍላት። በጣም ጣፍጦኛል በላት። አንድም ላባ አልነበረበትም በላት።

ሚስትህ
ብዙወርቅ