የኖሊን ጣቶች

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ዝናብ የለም። ነፋስ ብቻ። ጠዋት ከውሻዬ ከዊንክል ጋር እስከ ድልድዩ ሄደን ተመለስን። ሆዱ ላይ ያለው ስፌት ድኗል፤ ፀጉሩም መብቀል ጀምሯል። ባለፈው ወር ወንዝ ዳር የተጣለ ዓሣ ከነመንጠቆው ዋጠና የእንስሳት ሐኪሟ ሂሳብ የታንኳዬን ሞተር በላው። ሞተር የሌለው ታንኳ ጓሮ ተገልብጦ ተኝቷል። ባየሁት ቁጥር ውሻውን እሰድበዋለሁ። እሱ ጭራውን ይቆላል።

ጎረቤቴ ዳሪል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ኢንሹራንስ ግባለት እንጂ! በሚቀጥለው ምን ልትሸጥ ነው? ጥርስህን?"

"የኔን ጥርስ ማን ይገዛዋል?"

"እሱስ እውነትህን ነው።"

ሳቅን። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ምን ቀረኝ የምሸጠው? ፒካፗ ብቻ። ፒካፗ ከሌለች ደግሞ ሚስቴ ኖሊን ጋ መሄጃ የለኝም። ያለችበት የአረጋውያን መጦሪያ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አውቶቡስ በዚያ አያልፍም። ዳሪልም ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መንጃ ፈቃዱን ወስደውበታል።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13

ኖሊን ጋ። ረቡዕና እሑድ የኛ ቀን ነው፣ የኔና የዊንክል።

"ደህና ነዎት? ይቀመጡ" አለችኝ፣ እንደ እንግዳ። አርባ አራት ዓመት ሚስቴ ሆና ኖራ ዛሬ "እርስዎ" ሆኛለሁ። ማን እንደሆንኩ ከጠፋት ዓመት አለፈ። ዊንክልን ግን… "አንተ ዱርዬ! የት ጠፍተህ ነው?" ስሙ አንድ ቀን ጠፍቷት አያውቅም። በውሻ መቅናት ያሳፍራል አይደል? እቀናለሁ።

ከዚያ ጭኗ ላይ አስተኝታ መዥገር ፍለጋ። እቤት ሳለች በየቀኑ ታደርገው እንደነበረው። ጆሮው ውስጥ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ በጣቶቹ መካከል፣ ከንፈሩን ገልብጣ። በዚህ ወንዝ ዳር መዥገር ሞልቷል፤ አንዷ ብቻ በመርዟ ውሻ ሽባ አድርጋ ትገድላለች። ስትጨርስ ጎኑን መታ መታ አደረገችውና፣ "ንጹህ ነህ። በል ሂድ።" ዘሎ ወረደ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ሳትለው አይወርድም።

እኔ ስፈትሸው እንደሷ አይሆንልኝም። ሠላሳ ዓመት ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል በቢላ ሲፈለቅቅ የኖረ ጣት ምን ይሰማዋል?

ሊቲያ፣ የምትንከባከባት ልጅ፣ ስወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። "አባባ ሌስ፣ እናንተ በምትመጡበት ቀን ምሳዋን ጨርሳ ትበላለች። ሌላ ቀን ለምነናት ነው።"

ኢንሹራንስ እገባለታለሁ። አለቀ።

ሰኞ፣ ኦገስት 18

ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ። መነጽሬን ሦስቴ ጠረግኩ።

አንደኛው ሁሉን ይሸፍናል፤ የጡረታዬን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ግን አደጋ ብቻ። መዥገር አደጋ አይደለም፣ በሽታ ነው ይላሉ። ለማን ነው አደጋ ያልሆነው? ሦስተኛው መካከለኛ። መዥገርም አለበት። በወር ስልሳ ስምንት ዶላር።

ከየት ይምጣ? ጋዜጣውን አስቆምኩ። የዓርብ ቢራዬን ከሁለት ወደ አንድ አወረድኩ። አሁንም አልገጠመም… ከዚያ ፍሪጁ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ። የመዥገር መከላከያ ክኒን። የመጨረሻውን የሰጠሁት ሜይ 28፤ አንዱ ለሦስት ወር ነው። የሚቀጥለው በአሥር ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ ዘጠና ዶላር።

ኢንሹራንሱ መዥገርን ከያዘ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል? ለአንድ ነገር ሁለቴ መክፈል አይደለም? ብርዱም ገና አልወጣም፤ መዥገር የሚበዛው በሙቀት ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በጣት እንፈትሻለን፣ እኔ በየቀኑ፣ ኖሊን በሳምንት ሁለቴ።

ገጠመ። ዛሬ ራሴን አደነቅኩት።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ፈረምኩ። ለበሽታ ሠላሳ ቀን መጠበቅ አለብህ አሉኝ። ዊንክል፣ ሠላሳ ቀን እንዳትታመም፣ አደራ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ሠላሳው ቀን አለቀ! ቋሊማ ጠበስኩለት። "ከዛሬ ጀምሮ እንደፈለግህ መታመም ትችላለህ" አልኩት። ዳሪልም መጥቶ ሁለቱን በላ። የሱን ኢንሹራንስ ማን እንደሚከፍል ጠየቅኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

መጦሪያው ተዘግቷል። ጉንፋን ገብቶ እስከ ሌላው እሑድ ጠያቂ አይገባም አሉን። እኔና ዊንክል የተዘጋውን የመስታወት በር አይተን ተመለስን። ሊቲያ ከውስጥ እጇን አወዛወዘች።

እቤት እኔው ፈተሽኩት። ጆሮ፣ አንገት፣ ብብት። ምንም። "ንጹህ ነህ። በል ሂድ" አልኩት።

አልሄደም። እግሬ ስር ቁጭ ብሎ አየኝ። የኔን ቃል አላመነም መሰለኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

የዊንክል ጩኸት ተለውጧል። ከሰዓት ዳሪልን አይቶ ሲጮህ ድምፁ ሰለለ። ዳሪል፣ "ምን ሆነ? ሲጋራ አስጀመርከው እንዴ?" አለ። ሳቅን።

እራቱን ግማሽ በላ። ጉንፋን ይዞት ይሆናል… ደህና ይሆናል። ነገ ካልተሻለው እወስደዋለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ጠዋት የኋላ እግሮቹ እንቢ አሉት። እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ። ተሸክሜው ወደ ፒካፗ ሮጥኩ። እኔ፣ በዚህ ጉልበት።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሃርሺኒ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ፈተሸችው። ብዙ አልፈጀባትም። የላይኛውን ከንፈር ገለበጠችና፣ "ይኸውልዎት።" መዥገሯ እንደ ባቄላ አብጣለች።

ከንፈሩ ስር። ኖሊን ሁልጊዜ የምትገለብጠው ከንፈር። እኔ ለምን አልገለበጥኩም? ስላሳዘነኝ? ስለቸኮልኩ? አስታውሼ አልደርስበትም።

"ድምፁ የተለወጠው መቼ ነው?"

"ትናንት… ከሰዓት።"

ካርዱ ላይ ጻፈችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመርዙን ማርከሻ ወጋችው። ኢንሹራንስ አለው ወይ ስትለኝ፣ "አለው!" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። "ጎበዝ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ተደወለ። መተንፈስ እያቃተው ነው። የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል፤ ማሽኑ ያለው ኒውካስል ነው፣ አራት ሰዓት መንገድ። በቀን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ፣ ቢያንስ ለአራት ቀን። "ይድናል?" አልኳት። "ከሁለት አንዱ ይድናል" አለች።

ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ የልጅ ነው፣ ትሁት።

"የመጨረሻውን ክኒን መቼ ነው የሰጡት፣ ጌታዬ?"

"ሜይ ሃያ ስምንት።"

"ጌታዬ… ምናልባት ከዚያ በኋላ ሌላ ሰጥተውት ረስተውት ይሆን? ረጋ ብለው አስታውሰው መልሰው ቢደውሉልኝ?"

"ኧረ የኔ ልጅ፣ ማስታወስ አያስፈልገኝም። ቀን መቁጠሪያዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሜይ ሃያ ስምንት።"

ተነፈሰች። "እሺ… ክኒኑ በየጊዜው ካልተሰጠ መዥገርን አንሸፍንም። ገጽ አሥራ አንድ ላይ አለ። በጣም አዝናለሁ።"

ገጽ አሥራ አንድን አወጣሁ። አለ። ያን ቀን መነጽሬን ሦስቴ ጠርጌ እዚያ ገጽ አልደረስኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸው ወረቀቱም ሞኙም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን።

ልጅቷ በር ከፍታልኝ እንደነበር የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀድሞ ቢገባኝ እዋሽ ነበር? አዎ። ለሱ እዋሽ ነበር።

ዳሪል ፖስታ ይዞ መጣ። "ለቀብሬ ያስቀመጥኳት ሦስት ሺህ ናት። እንካ። እኔ እንደሆን አልሞትም።"

"አንተ ጅል፣ መልሰህ ኪስህ ክተታት።"

"ሌስ… ውሰዳት ስልህ።"

ሦስት ሺህ። ፒካፗ ብትሸጥ ደግሞ ሰባት። ይበቃል። ያ ነው የገደለኝ፤ ይበቃል። ሐኪሟ ግቢ ፒካፗ ውስጥ ተቀምጬ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ብሸጣት የዊንክል የመዳን ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ግን ማን ኖሊን ጋ ይወስደዋል? ማን እኔን ይወስደኛል? ሸጬ ባይድንስ? ውሻውም የለ፣ መኪናውም የለ፣ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ።

ገብቼ፣ "ይብቃው" አልኩ። ማንም አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ኢንሹራንሱ አይደለም፣ ገጽ አሥራ አንድ አይደለም። እኔ።

የመጨረሻውን መርፌ ስትወጋው ጭንቅላቱን ይዤው ነበር። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። ኖሊን የምትለውን ልለው ፈለግኩ፣ እንዲወርድ፣ እንዲሄድ። ከአፌ አልወጣም። ንጹህ አልነበረማ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ታንኳው አጠገብ ቀበርነው። የቆፈረው ዳሪል ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

መጦሪያው ተከፈተ። እስከ በሩ ድረስ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

"ደህና ነዎት? ዊንክልስ?"

እውነቱን ነገርኳት። ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔም። ትከሻዋን ያዝኩ፤ ማን እንደሆንኩ ከጠፋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አልገፋችም። አብረን ስናለቅስ አንድ አፍታ ባልና ሚስት የሆንን መሰለኝ።

ከዚያ እንባዋን ጠረገች፣ በሩን አየች። "ዊንክልስ? የት አስቀሩት?"

እንደገና ነገርኳት። እንደገና አለቀሰች፣ እንደ አዲስ። ከምሳ በፊት ሦስት ጊዜ። ሦስቴ ገደልኩት። ምሳዋን አልነካችውም።

ሊቲያ ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችኝ። "አባባ፣ ከእንግዲህ መኪና ውስጥ ተኝቷል ይበሏት። ኃጢአት የለበትም።"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

"መኪና ውስጥ ነው፣ ተኝቷል" አልኳት።

"ይተኛ፣ ደክሞት ነው" አለች። ግን እጇ አላረፈም። ጭኗ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ትፈትሻለች፣ ጠርዙን ትገለብጣለች።

እንዴት ያለ ቀላል ውሸት ነው… ባለፈው ሳምንት ኢንሹራንሱ ሲጠይቀኝ የት ነበርክ፣ ውሸቴ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። አልያዘኝም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ጠዋት ፒካፗን አስነስቼ መልሼ አጠፋሁ። ባዶ እጄን ምን ልሁን ብዬ ልሂድ? ላታውቀኝ? ሊቲያ ደውላ፣ "አባባ፣ ምሳዋን ባትበላም ስትጠብቅ ነበር" አለች። "ማንን?" አልኳት።

ዳሪል፣ "ነገ ተነገወዲያ ሌላ ቡችላ…" ሲል ዓይኔን አይቶ ተወው። ኢንሹራንሱን ሰረዝኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ሄድኩ። ዳሪል ነው በግድ ሸሚዝ ያስለበሰኝ። "ፒካፗን ለዚህ አይደል ያስቀረሃት?" አለኝ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው።

መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። "ደህና ነዎት? ይቀመጡ።" ስለ ዊንክል አልጠየቀችም። እየጠበቅኩ ነበር፣ ውሸቴን አዘጋጅቼ። አልጠየቀችም። ያ ደግሞ ከመጠየቋ ይልቅ አንጀቴን በላው። እሱም ጠፍቷት ይሆን?

የጫማዋ ክር ተፈትቷል። ልቋጥርላት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቷ ጋ። እጇ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ።

አልተንቀሳቀስኩም። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ገቡ። ቀስ ብለው፣ መስመር በመስመር። ከጆሮዬ ጀርባ። ጆሮዬን አጥፋ ውስጡን አየች። ሸበቶው ረዝሟል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቆረጥኩም። አገጬን ቀና አደረገችና በአውራ ጣቷ ከንፈሬን ገለበጠችው። የላይኛውን። ተውኳት። እንባዬ እጇ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ሥራዋን ትሠራለች።

ጨርሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

"ንጹህ ነህ።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት። ድምፄ ሰልሎ ነበር።

"ሁሉን አይቻለሁ እኮ። ምንም የለብህም። በል ሂድ።"

አልሄድኩም።