አየሩን ማዳበሪያ ላደረጉልን ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሰብል ምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በቅርቡ ለተቀየረው የቢሮዎ ወንበርም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በማዕከሉ ለአሥራ አራት ዓመት የማሳ ቴክኒሻን ሆኜ የሠራሁ፣ የስንዴ ዛላ ስቆጥር ወገቤን የጨረስኩ ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በፊርማዎና በክብ ማኅተምዎ አስውበው የላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በክብር ደርሶኛል። ከማዕከሉ ፈቃድ ውጭ ለአርሶ አደሮች መረጃ በማሰራጨቴ በአሥር ቀን ውስጥ የጽሑፍ ይቅርታ እንዳቀርብ አዘዋል። ትእዛዝዎን ለመፈጸም ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። ነገር ግን በምን ጥፋት ይቅርታ እንደምጠይቅ ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መተረክ ግድ ሆነብኝ፤ ተርኬ ስጨርስ ደግሞ ጽሑፉ ይቅርታ መምሰሉ ቀርቶ ምስጋና ሆኖ አገኘሁት። ምስጋና ደግሞ በአደባባይ ሲሆን ያምራል።

ስለሆነም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሪፖርታችንን ስላሳጠሩልን።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋልና ሥራችን ምን እንደነበር ላስረዳ። ከማዕከሉ በስተጀርባ ባለው ማሳ ላይ ጣሪያ የሌላቸው አሥራ ሁለት የላስቲክ ቤቶች ነበሩን። በስድስቱ ውስጥ ማንም የሚተነፍሰው የዛሬው አየር ይነፍሳል። በቀሩት ስድስት ደግሞ ከሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቅን፣ የልጅ ልጆቻችን ይተነፍሱታል ተብሎ የሚገመተውን አየር እንፈጥር ነበር። በሁሉም ውስጥ ስንዴና በቆሎ እየዘራን ስምንት የምርት ወቅት ተከታተልን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ይህ ጋዝ በአየሩ ውስጥ እየበዛ ሲሄድ የምንበላው ሰብል ምን ይሆናል?

እርስዎ በተሾሙ በሁለተኛው ሳምንት እንግዶች አስከትለው መጡ፤ በዚያ በሚያምር ሙሉ ልብስዎም ጎንበስ ብለው ጋዝ ከሚለቀቅባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ገቡ። ስንዴው ጥቅጥቅ ብሎ፣ አረንጓዴው ዓይን እየሳበ ነበር። አንድ ዛላ በእጅዎ ያዙና «ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ፎቶ አንሺው አነሳ። ለጥያቄዎ ስምንት ዓመት የፈጀ መልስ በእጃችን ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሾፌርዎ ሞተር አስነስቶ ይጠብቅዎ ነበር።

መልሱ ያለው ኬሚስታችን ጋ ነበር። ሁላችንም ጋሽ ሚዛን እያልን የምንጠራቸው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳይመዝኑ ስለማይጽፉ ነው። እሳቸው ያገኙት ይህን ነው። ስንዴው እውነትም ይፋፋል። ጋዙ ምግቡ ነውና ጠግቦ ይበላል፤ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጠበብ አድርጎም ውሃ ይቆጥባል። ይህን አልደበቅንም፤ ከገጽ አንድ እስከ ስምንት ያለው ይህንኑ ይመሰክራል። ከገጽ ዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ያለው ግን ፍሬው ተፈጭቶ ሲመረመር የታየው ነው። ፍሬው በስታርች ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ፣ ብረቱና ዚንኩ በዚያው ልክ አይከተሉትም፤ ያው ቁራሽ ዳቦ ሆድ ይሞላል፣ ደምና ጉልበት የሚሆነው ግን ይቀንሳል። መሬቱ ናይትሮጂን ካነሰው ደግሞ ጭማሪውም ይቀራል፣ ጉድለቱም ይብሳል። አበባ ላይ እያለ ኃይለኛ ሙቀት ከመታው ያ ሁሉ መፋፋት እንዳልነበረ ይሆናል። በቆሎውማ ከመጀመሪያውም ነገሬ አላለንም፤ ተፈጥሮው ጋዙን በራሱ አጠራቅሞ የሚጠቀም ስለሆነ፣ ዝናብ ካላጠረ በቀር ብንጨምርለትም ባንጨምርለትም ያው ነው።

እርስዎ ግን ለአንባቢ አዝነው ስድስቱን ገጾች «ከባድ ናቸው» ብለው አወጡልን። የቀሩት ስምንቱ ባለ ቀለም ሽፋን ተደርጎላቸው፣ «አየሩ ራሱ ማዳበሪያ ሆነ» ተብለው ታተሙ። ሽፋኑ ላይ ዛላውን የያዘው እጅ የእርስዎ ነው። የእጅ ሰዓቱ በጣም ያምራል፤ ከኅትመቱ ሁሉ የታየኝ ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ የጽሕፈት መሣሪያ ግምጃ ቤታችንን ስላዘመኑልን።

ኅትመቱ በወጣ ማግስት በተደረገው ስብሰባ ላይ ጋሽ ሚዛን እጃቸውን አውጥተው «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። እርስዎም በዚያ በማይለወጥ ትሕትናዎ «ጋሼ፣ እስቲ አንዳንዴ በጎ በጎውን እንይ» አሏቸው። እሳቸውም «በጎውንማ መዝኜዋለሁ፤ የቀረውንም መዝኜዋለሁ» ብለው ተቀመጡ። በሳምንቱ «ለተሻለ የሰው ኃይል አጠቃቀም» በሚል ወደ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓይን የማይታይ ዚንክ የለኩ ሰው ዛሬ እስክሪብቶና ስቴፕለር ያድላሉ። ግምጃ ቤቱ እንዲህ ተስተካክሎ አያውቅም። ላብራቶሪው ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እየፈለግን ነው።

ሦስተኛ፦ የላስቲክ ቤቶቹን ነቅለው ለኃላፊዎች መኪና ጥላ ስላደረጓቸው። መኪኖቹ እንደ ስንዴው ይፋፉልን።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ስደርስ ምስጋናው ያልቅብኛል፤ ይታገሡኝ።

በዚያው ኅትመት ላይ ተመሥርተው ለየኅብረት ሥራ ማኅበራቱ አንድ ገጽ መመሪያ በተኑ። አየሩ ማዳበሪያ ስለሆነ አርሶ አደሩ ለመሬቱ ናይትሮጂን የሚሰጠውን ዩሪያ በሲሶ ይቀንስ የሚል ነበር። ስንዴና በቆሎን አልለየም። እኛ ገና ወደፊት ይመጣል ብለን በላስቲክ ውስጥ የሠራነውን አየር፣ እርስዎ ዛሬውኑ በየማሳው አስገቡት።

ታላቅ ወንድሜ ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ ስንዴና በቆሎ ያመርታል። እኔ ትምህርቴን እንድቀጥል ብሎ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ይህን ግን አንድም ቀን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። መመሪያው እንደደረሰው ወደ ቢሮ ደወለልኝ።

«አንቺ፣ ይሄ ወረቀት ከእናንተ ቤት የወጣ ነው አይደል?»

«የእኛ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እንዳለው ላድርግ?»

 ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ወረቀት ነበር፤ ማንኛውም ሠራተኛ ስለ ምርምር ውጤት ከግቢው ውጭ እንዳይናገር የሚከለክል፣ ከሥሩ ፊርማዬ ያረፈበት። ጋሽ ሚዛን ከተዛወሩ ገና አሥራ አምስት ቀናቸው ነበር። ሁለት ልጆች አሉኝ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአእምሮዬ መጣና «እንደ ወረቀቱ አድርግ» አልኩት።

«በቃ፣ አንቺ ካልሽ» ብሎ ዘጋው።

ክቡር ሆይ፣ የመመሪያው ቃል በሙሉ የእርስዎ ነው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን የእኔ ናት፤ ለእርስዎ አላካፍላትም።

ወቅቱ እንዴት እንዳለፈ ሪፖርት ስላልተጻፈበት ላያውቁት ይችላሉ። በቆሎው ገና ሳያብብ የታችኛው ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ መሐል ለመሐል ቢጫ ሆነ። ስንዴው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስል ነበር፤ ሲታጨድ ግን ፍሬው መስታወት የመሰለ ጠንካራ መልኩን አጥቶ ነጣ ያለ፣ ጥርስ ላይ የሚልም ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ አባል የሆነበት ማኅበር መኪና ጭኖ ዱቄት ፋብሪካ ሲደርስ፣ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ጥቂት ፍሬ ለሁለት ሰንጥቃ አየችና «ይሄ ሊጥ አይይዝም፤ ለዳቦ አንቀበለውም፤ ለከብት መኖ ሞክሩት» ብላ መለሰችው። ተሰልፈው ከነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ በመጡበት ተመለሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍል ነበር፤ የአብዛኛው ጫፍ ፍሬ አልያዘም። ሚስቱ ወንበር አቀረበችልኝና ወደ ውስጥ ገባች። እሱ አንድ እፍኝ ስንዴ ዘግኖ መዳፌ ላይ አደረገ።

«አንቺ አይደለሽ ተመራማሪዋ? በይ ንገሪኛ፣ ምኑ ነው የጎደለው?»

ነገርኩት። ስለ ስድስቱ ገጾች፣ ስለ ናይትሮጂኑ፣ ስለ በቆሎው፣ አንድም ሳላስቀር። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ያን ቀን ስደውልልሽ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መፈልፈሉን አላቆመም። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህብኝ በስንት ጣዕሙ። የያዘውን በቆሎ ፈልፍሎ ሲጨርስ «እኔ እኮ ወረቀቱን አይደለም ያመንኩት» አለ።

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሌላ በቆሎ አንስቶ መፈልፈል ጀመረ። ሲመሽብኝ እንደ ልማዱ ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኘኝ፤ መንገዱን ሙሉ ግን ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

አምስተኛ፦ እነሆ የተከሰስኩበት ጉዳይ።

ሰኞ ጠዋት ግምጃ ቤት ወርጄ ለጋሽ ሚዛን ሁሉንም ነገርኳቸው። ወዲያው ከስቴፕለር ካርቶኖች ሥር ስድስቱን ገጾች አወጡ። ሁለት ቅጂ ነበራቸው፤ ሰውዬው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሚያደርጉት። ከዚያ የንብረት መጠየቂያ ቅጽ አውጥተው «የሚፈለገው፦ ስድስት ወረቀት፤ ምክንያት፦ ያላለቀ የቢሮ ሥራ» ብለው ሞሉና ራሳቸውን አስፈርመው ለራሳቸው ሰጡ። ስለዚህ በደብዳቤዎ ላይ «የማዕከሉን ንብረት ያለ አግባብ በመውሰድ» ያሉት መታረም አለበት፤ ቅጹ ፋይል ውስጥ ይገኛል።

እሑድ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ወደ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች በባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እኔ አነበብኩ፤ ጋሽ ሚዛን አስረዱ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «እንግዲህ ዳቦው እየበዛ ልጆቹ ሊገረጡ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሚዛንም «ዛሬ አይደለም እናቴ። የአየሩ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ጊዜ አለን፤ ዘር መምረጥ ይቻላል፣ ከባቄላና ከአተር ጋር እያፈራረቁ መሬቱን መመገብ ይቻላል። የዘንድሮው ጉድለት ግን ከአየሩ አይደለም፤ ከወረቀቱ ነው» አሏቸው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም እርስዎን አልሰደበም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ያለ ፎቶ አንሺ የተካሄደ የመጀመሪያው የመስክ ቀናችን ነበር።

ወንድሜ ከኋላ፣ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሰው ሲበተን መጣና ገጽ አሥራ አንድን ከእጄ ወስዶ፣ የበቆሎውን መስመር በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ «ይቺን ተይልኝ» አለኝና አጥፎ ኪሱ ከተታት። ታርቀናል ለማለት አልደፍርም። ዓይን ለዓይን ግን ተያይተናል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የጠየቁኝን ይቅርታ ለሚገባው ሰው ስላቀረብኩ ለእርስዎ የተረፈኝ የለም። በምትኩ የማዕከሉን መልካም ስም ለማስጠበቅ ስል ሦስት ነገሮች በትሕትና እለምናለሁ። ስድስቱ ገጾች ይታተሙ፤ ሽፋኑ ላይ የፈለጉት እጅ ይሁን። መመሪያው ከቀጣዩ ዘር በፊት በሌላ መመሪያ ይሻር። ጋሽ ሚዛንም ጡረታ ለመውጣት የቀሯቸውን ሁለት ዓመታት በሚዛናቸው ፊት ያሳልፉ። የእኔን ቅጣት በተመለከተ፣ ወደ ግምጃ ቤት ለመዛወር ፈቃደኛ መሆኔን ከወዲሁ አስታውቃለሁ፤ ማዕከሉ ውስጥ አሁን ልኩ የሚታወቅ ነገር ያለው እዚያ ብቻ ነው።

የእርስዎን ትእዛዝ ሁልጊዜ በጥሞና የማነብ፣ ካነበብኩ በኋላም ዛላ መቁጠሬን የማልተው፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ እጅ የምነሣ፣ በዕድገት ከማላስቸግርዎት ሠራተኞች አንዷ የሆንኩ፣

የማሳ ቴክኒሻንዎ

ማሳሰቢያ፦ በእጅ የሚያዘውን የጋዝ መለኪያ አስረክቢ በተባልኩት መሠረት ይዤው ስመጣ፣ አራት ሰዓት የፈጀው የማኔጅመንት ስብሰባ ገና መጠናቀቁ ነበርና ክፍሉን ለካሁት። መስኮትና በር ዘግታችሁ የተነፈሳችሁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላስቲክ ቤቶቻችን እንለቀው ከነበረው በሦስት እጥፍ በልጦ አገኘሁት። መስኮቱ ላይ ያለችው የማሰሮ አበባ ግን ደርቃ ሞታለች፤ ውሃ የሚያጠጣት አልነበረም።