ግማሽ መንገድ ላይ የቆመው ግድግዳ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ታላቅ ዜና ለወዳጅም ለዘመድም ይታወቅ፦ ዛሬ ረፋዱ ላይ የመኝታችን ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ። ቀጥሎም ወጣ። እንደገናም ገባ። መድፍ የሚተኩስልን ስላጣን እኔው ባርኔጣዬን አነሳሁለት።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ? አሁንም ጫማሽን ሳታዪው ነው የምታስሪው? እኛ ደህና ነን። ሴት አያትሽ ከሾርባ ሌላ አልቀምስ ብላለች፤ የእሷን ድርሻ ሥጋ እየበላሁ የምወፍረው እኔ ነኝ።

እንደምታውቂው ቤታችንን ሸጠን ከዚህ ባለጎማ ቤት ገብተናል። አልጋው ያለበት ግድግዳ ስንቆም ወደ ውጭ ተንሸራቶ ክፍሉን ያሰፋል፤ ለጉዞ ደግሞ ይገባል። ወደ አንቺ ልንነሳ ስንል ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። እንዲህ ሆኖ ረጅም መንገድ አይነዳም። አልጋውም ተጣጥፎ ስለቀረ አያትሽ ወንበር ላይ ማደር ጀመረች።

የገዛነው በርካሽ፣ እዚያ ሩቅ ደቡብ ዳኮታ ነው። ስለዚህ ግድግዳዬን እንዳንጠለጠልኩ፣ ሰው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ እዚሁ ሞንታና ወዳለው የባለጎማ ቤት መሸጫ እያዘገምኩ ሄድኩ። የጥገናው ኃላፊ ማርላ የምትባል ሴት ናት። ገና ስታየኝ፣

«ውይ! ዓምና ግቢያችን ያለውን አልጋ ሁሉ እየተጋደሙ የሞከሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? አንዱ ላይ እንቅልፍ ወስዶዎት እኔ ነኝ የቀሰቀስኩዎት!» አለችኝ።

«ጥሩ አልጋ ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ተኝተው ተኝተው ሌላ ቦታ ሄደው ገዙ! ከእኛ የገዙት ተሰልፈዋል፣ አባባ። እርስዎ ቅጠል ሲረግፍ ይምጡ።»

አያትሽ ከውስጥ ሆና «እሰይ! ይበለው ይሄ ቋጣሪ! ከነግድግዳው ገትሪልኝ!» ብላ ጮኸች።

ቅጠል ሲረግፍ ያንቺ ልጅ ድክ ድክ ሊል ነው። ማርላን እስቲ ግቢና እዪው አልኳት። ገባች። አልጋውን አየች፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ትራስና ብርድ ልብስ አየች።

«እማማ እዚህ ነው የሚያድሩት?»

አዎ አልኳት። ወጣችና ፋብሪካው ጋ ደወለች፤ በጋራንቲው ለመጠገን ፈቃድ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አንቺ ነሽ ወይ የሸጥሽላቸው ሲሏት፣ «አልሸጥኩም፤ ግን እኔ ጋ ተኝተዋል» አለቻቸው። ምሳዋ እስኪቀዘቅዝ ስልኩን ሳትዘጋ ተሟግታ አስፈቀደችልኝ። ግድግዳውን የሚገፋው ሞተር ከፋብሪካ እስኪመጣም ለሽያጭ ከቆሙት ቤቶች አንዱን ከፍታ አሳደረችን። አያትሽ እግሯን ዘርግታ እስኪነጋ ተኛች። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት። የማርላ እጅ አይንጠፍ፣ ልጅ ካላት ልጇ ይባረክላት፤ ሌላ ምን እላለሁ!

ነገ እንነሳለን። የአያትሽ ሐኪም ስለ መንገዱ ስጠይቀው አልከለከለንም፤ «የምትሄዱ ከሆነ አሁኑኑ ሂዱ» ነው ያለው። እንግዲህ ልጁን ቶሎ ና በይው።

እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ። ወተትሽን ያብዛልሽ፤ እንደኔ ቀልደኛ ሳይሆን እንደ አያትሽ ቆንጆ ልጅ ይስጥሽ።

መንገድ ላይ ያለው ሽማግሌ አያትሽ

ሳልነግርሽ እንዳልቀር፦ አያትሽ ከውስጥ ጮኸች ያልኩሽ ፈጠራዬ ነው። ያን ጊዜ እዚያው ወንበሩ ላይ ተኝታ ነበር። ከሰደበችኝ ሰንብታለች፤ ያለሷ ስድብ ደብዳቤው የእኛ አልመስል ቢለኝ ነው።