የልጅሽ መነጽር አይወልቅም

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ደረጃ የሚያስመርረው ጉልበትሽስ ተሻለው? እንቅልፍሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ሲያጉረመርም እየተቆጣሁት እውላለሁ። ልጅሽ ደህና ናት። አክስትሽም ደህና ናት፣ ምላሷም እንደዚያው።

መነጽሩ ዓይኗን ያሰንፋልና ያውልቁላት ያልሽኝን ሰምቻለሁ። አላወልቅም።

ነገሩን ከእኔ ስሚ። አምና የጎረቤት አጥር ስገነባ፣ ሲባጎውን ወጥሬ ወዲያ ጫፍ ድረስ ቀጥ ማለቱን እይልኝ አልኳት። «የቱ ሲባጎ፣ አባባ?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁ። ቀልድ አልነበረም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ብወስዳት፣ ሩቁ ይደበዝዝባታል፣ ስታድግም እየባሰ ይሄዳል አለኝ። ተራው መነጽር ሩቁን ያሳያል እንጂ መባሱን አይገታም። ሐኪሙ ያዘዘላት ይሄኛው መሐሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዙሪያውን ግን እንደ ተነፋ አሸዋ ደቃቅ ነጠብጣብ አለው። አያድንም፣ ያዘገያል አለ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ቃሉን የማይለዋውጥ ሰው መሆኑን ለማየት ነው። አልለወጠም።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ፤ ልብስ አጣቢ ናት፣ እድፍ ያለበት ቤት እንቅልፍ አይወስዳትም። ነጠብጣቡን ቆሻሻ ነው ብላ በአመድ ፈገፈገችው። ልጅቷ በማግስቱ ከበሩ ጋር ስትጋጭ፣ መነጽሩ አሳወራት ብላ ለአንቺ ደወለች። ያሳወራት አመዱ ነው። ሌላ አሠራሁላት፤ አክስትሽ አሁን በሩቁ ትመለከተዋለች።

ትምህርት ቤት «አራት ዓይና» ቢሏት እያለቀሰች መጣች። ድሮ ሊቅ ካልሆኑ የማይገኝ ስም ነው፣ ይበሉሽ አልኳት።

ሰሞኑን ሐኪሙ ሲለካት ብዙም አልባሰባትም። ወደፊትስ ብዬ ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። ወደድኩት። ደጅ ትዋል ስላለም ከትምህርት ቤት መልስ ከእኔ ጋር ግንቡ ላይ ናት። ትናንት ሲባጎው ጫፍ ላይ ዓይኗን አድርጋ፣ «አባባ፣ ላይኛው ረድፍ ሆዱ ወጥቷል» አለችኝ። አልወጣም አልኳት። ጎንበስ ብዬ ባየው ወጥቷል። አፈረስኩት። ግንብ ያስፈረሰኝ ሰው እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ።

እንግዲህ ማውለቅ ካማረሽ መጥተሽ በገዛ እጅሽ አውልቂው። ግን መጀመሪያ መንገዱ ጫፍ ላይ ድምፅ ሳታሰሚ ቁሚ። ሳትጠሪያት ለይታሽ ከሮጠች፣ ያን ጊዜ ስለ መነጽር አንድ ቃል እንዳትነግሪኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ደጅ ያውልቅ። ትንሹን ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ዓይኑንም አስመርምሪው። አክስትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ልጅሽ ደግሞ መቼ ትመጪያለሽ ብላለች።

አባትሽ
ከግንቡ ሥር፣ ሰኔ ፲፪ ቀን