ዮዲ ታሪኩን የጻፈችው ዳኛ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ክንፉ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ አምላክ ይመስገን፣ እዚህ ኦክላንድ ደህና ነን።

ልጄ ዮዲ ለትምህርት ቤት ስለ አንድ የድሮ የአላባማ ዳኛ ጽፋ ኤ አገኘች። ሰውየው መጀመሪያ ጠበቃ ነበር፤ ከዚያ ምክር ቤት ገብቶ ያመለጡ ባሮች ለጌቶቻቸው ይመለሱ የሚል ሕግ አወጣ። ዳኛ ሲሆን ደግሞ በዚያው በራሱ ሕግ አንዲት ያመለጠች ሴት ወደ ጌታዋ መለሰ።

«ሴትዮዋ እንድትናገር ፈቀደላት?» አልኳት።

«ኖ፣ ማሚ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እርስዎ ደሴ ሠላሳ ዓመት ፈርደዋልና ልጠይቅዎ። ሰው ፊትዎ ሲቆም፣ ሰምተውት ነበር የሚወስኑት ወይስ አስቀድመው ወስነው ይጠብቁት ነበር?

ማክሰኞ ሳንፍራንሲስኮ፣ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት፣ የመኖሪያ ወረቀት ቀጠሮ ስላለኝ ከሥራ ኦፍ ወስጃለሁ። ቶሎ ያልቃል ብለውኛል። ዮዲን ጎረቤታችን ዘቢባ ከትምህርት ቤት ታመጣልኛለች። የቤቱን ቁልፍ፣ የዮዲን የክትባት ካርድና የሳምንት ልብሷን ለዘቢባ ሰጥቻታለሁ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ቀን?» ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

በጸሎትዎ ያስቡን፤ ለቤተሰቡ ሁሉ እጅ ነስቻለሁ።

የእህትዎ ልጅ ወይንሸት

የዮዲን ስልክ ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልዎታለሁ። አማርኛ ትሰማለች፤ ብቻ ቀስ ብለው ያናግሯት።